«ምርጫው ይቅርብኝ» ያለው ደቡብ አፍሪካዊ ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ያልተመረጠ መንግሥት ወይም መሪ ሕግና ሥርዓት የሚያስከብር፣ ሥራና ቤትም የሚሰጥ ቢሆን፣ በየጊዜው የሚደረገውን ምርጫ ትተው በእሱ ሥር ለመኖር ምን ያህል ፈቃደኛ ነዎት?» አፍሮባሮሜትር የሚባለው የአህጉሪቱ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት በሜይና በጁን 2021 ይህን ለ1,600 አዋቂ ደቡብ አፍሪካውያን አቀረበ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 67 በመቶው ፈቃደኛ ነኝ አለ። በ2018 ፈቃደኛ ነኝ ያለው 62 በመቶ ነበር።

ቁጥሩ ከወጣ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሰው ይዞት ይዞራል። አንደኛው «አየህ፣ ለአፍሪካ ዴሞክራሲ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ክንደ ብርቱ ነው» ይላል። ሌላው «ማንዴላ 27 ዓመት የታሰረለትን ነገር በ27 ዓመት ሸጡት» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ቁጥሩን ሰምተዋል፤ ጥያቄውን ግን አላነበቡም። በእኛ ንባብ 67 በመቶው የሚናገረው ከ1994 ወዲህ ቃል የተገባውና ያልደረሰው ነገር በሰዎቹ ዓይን ስንት እንደሚያወጣ ነው። ዋጋውን የተመኑት በምርጫ ካርዳቸው ነው።

ጥያቄው ሲበለት

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለጥናትም ይሠራል። ጥያቄውን እንደ ሚዛን እንየው። በአንዱ ሰሃን ላይ ጸጥታ፣ ሥራና ቤት ተቀምጠዋል፤ በሌላው ላይ ምርጫ ብቻውን። ሦስቱ ደግሞ «ይሞክራል» ወይም «ቃል ይገባል» ተብለው አልቀረቡም፤ እንደሚገኙ ተቆጥረው ነው። ተጠያቂው እንዲያስብ የተደረገው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ሒሳቡን ይከፍል እንደሆነ ነው። በኑሮ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ምርጫው ዛሬ ይሰረዛል፣ ቤቱ «ይመጣል» ይባላል።

የጎደለው ነገርም አለ። ያ መሪ ማን ነው? ማን ያመጣዋል? አምስት ዓመት ቆይቶ ሥራም ቤትም ባይታይ በምን ይወርዳል? ጥያቄው ስለ እነዚህ ዝም ይላል፤ ተጠያቂውም ዝምታውን እንደፈለገው ይሞላዋል። አንዱ በልቡ ሐቀኛ ጄኔራል ይስላል፣ ሌላው አባቱ የሚያወሩለትን ኃይለኛ ርዕሰ መምህር።

ማር ያልተቀባው ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ሌላ ነው። ያው ድርጅት ከ2021 እስከ 2023 በ39 የአፍሪካ ሀገሮች «ፕሬዚዳንቱ ሁሉን እንዲወስን ምርጫና ፓርላማ ቢሰረዙ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» ብሎ ሲጠይቅ 80 በመቶው ተቃወመ። የአንድ ፓርቲ አገዛዝን 78 በመቶ፣ የወታደር አገዛዝን 66 በመቶ አልፈልግም አለ። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ የተመረጡ መሪዎች ሥልጣናቸውን ለራሳቸው ጥቅም ሲያውሉት ወታደሩ መንግሥት ቢይዝ ተገቢ ነው ወይስ ወታደር ምንጊዜም ከፖለቲካ መራቅ አለበት? እዚህ ላይ 53 በመቶው «ተገቢ ነው» አለ።

ሒሳቡን እናስላው። 66 ሲደመር 53 119 ይሆናል። ከ100 የተረፈው 19፣ ከመቶው ሰው ቢያንስ 19ኙ ሁለቱንም መልስ እንደሰጡ ያሳያል፤ ወታደር እንዲገዛቸው አይፈልጉም፣ ሌባ ባለሥልጣን እንዲያባርርላቸው ግን ይፈልጋሉ። አብዛኛው ተንታኝ ይህን «ግራ መጋባት» ይለዋል። እኛ አንለውም። ቤቱ እሳት ሲነሳ በሩን እንዲሰብር የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚጠራ ሰው፣ ሠራተኛው ሳሎኑ ውስጥ እንዲከርም ፈቅዷል አይባልም። ችግሩ ወታደር እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ መኪናውን አስነስቶ የማይሄድ መሆኑ ነው፤ ወደዚያ እንመለስበታለን።

ይህን ስንል ነገሩን ለማቅለል አይደለም። ዴሞክራሲ ከየትኛውም ሥርዓት ይሻላል የሚለው ደቡብ አፍሪካዊ ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ በ29 ነጥብ ወርዷል። ማሊ ውስጥ እንኳ፣ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት በተደረገበት ሀገር፣ የወረደው በ23 ነጥብ ነው።

ቁጥሩ በር ላይ እንዴት ይለቀማል?

የአፍሮባሮሜትር መደበኛ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሀገሩ ለሕዝብ ቆጠራ በተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቦታዎች ላይ ዕጣ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ያለበት ክፍለ ሀገር ብዙ ዕጣ ይደርሰዋል፣ ከተማና ገጠርም ለየብቻ ይያዛሉ። በአንድ ቦታ 8 ሰው ይጠየቃል፤ በዚህ ስሌት 1,600 ሰው ለማግኘት 200 ቦታ ያስፈልጋል። ጠያቂዎቹ ከአንድ መነሻ ነጥብ ተነስተው በአራት አቅጣጫ ይበተናሉ። እያንዳንዱ እየቆጠረ ሄዶ አምስተኛውን ቤት ያንኳኳል፣ ቀጥሎ አሥር ቤት ቆጥሮ ሌላውን። አንድ ጊዜ ወንድ ከተጠየቀ ቀጥሎ ሴት ትጠየቃለች። በር የከፈተው ሰው በቀጥታ አይጠየቅም፤ በቤቱ ያሉ 18 ዓመት የሞላቸው ይዘረዘሩና ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሥራ ላይ ከሆነ ጠያቂው ተመልሶ ይመጣል። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው ፊት ለፊት፣ ተጠያቂው በሚመርጠው ቋንቋ ነው።

በዚህ መንገድ ከተሠራ የስህተት ወሰኑን በአእምሮ ማስላት ይቻላል። 100ን ለናሙናው ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። የ1,600 ስኩዌር ሩት 40፤ 100 ለ40 ሲካፈል 2.5። ስለዚህ 67 ሲባል ከ64.5 እስከ 69.5 ያለው ሁሉ ተብሏል ማለት ነው። ከ62 ወደ 67 የተደረገው ጭማሪ እውነተኛ ነው ለማለት ይበቃል፣ ሀገሩ ተገለበጠ ለማለት አይበቃም። ጋዜጦች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ከ1,600ው ውስጥ የአንድ ክፍለ ሀገር 200 ሰዎችን ነጥለው «እዚያ 74 በመቶ፣ እዚህ 68» እያሉ ያወዳድራሉ። የ200 ስኩዌር ሩት 14 ገደማ ስለሆነ የስህተት ወሰኑ 7 ነጥብ ይደርሳል። ስድስት ነጥብ ልዩነት ዜና አይሆንም።

ሌላም የሚያጣምም ነገር አለ። የጥናቱ መጨረሻ ላይ ተጠያቂው «እኛን ማን የላከን ይመስልዎታል?» ተብሎ ይጠየቃል። ብዙ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ ተነግሮትም፣ «መንግሥት» ይላል። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው ጥናት ተጠያቂዎች ለሀገራቸው የዴሞክራሲ ደረጃ የሰጡት ውጤት ከአህጉሪቱ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነበር፤ በጊዜው ከ547 የፓርላማ ወንበር ተቃዋሚ ፓርቲ የያዘው 1 ነበር። አጥኚዎቹ ራሳቸው ፍርሃት ይሁን፣ የመረጃ እጦት ይሁን፣ ወይስ «ዴሞክራሲ» የሚለው ቃል ሰው ጆሮ ውስጥ ልማት ሆኖ ይገባ እንደሆነ ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ፍርሃት ያነሰ ነው። ሰው መንግሥትን በስሙ ጠርቶ ይሰድባል፣ ነገ ማንም አይወስደውም። ስለዚህ 67ቱ በነፃ አፍ የተነገረ ነው። ምርጫ አያስፈልገኝም ለማለት ነፃነት የሰጠው ምርጫው ራሱ መሆኑ ሳያስቅ አይቀርም።

ለምን ጸጥታ፣ ሥራ፣ ቤት?

ሦስቱ ነገሮች ጥያቄው ውስጥ የገቡት በዘፈቀደ አይደለም። አንድ በአንድ መያዝ ይቻላል፤ ቤቱ ላይ ግን እንቆያለን።

በ1994 የማንዴላ መንግሥት በአምስት ዓመት አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብሎ ጀመረ። በ1996 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በቂ መኖሪያ ቤት የማግኘትን መብት ጻፈ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «አርዲፒ ቤት» የሚላቸው (አርዲፒ የዚያ መንግሥት የመልሶ ግንባታና ልማት ፕሮግራም የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው) ከ30 እስከ 40 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ቤቶች በነፃ ይሰጣሉ። ለመመዝገብ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን፣ ባለትዳር ወይም የሚጦር ቤተሰብ ያለው መሆን፣ ከዚህ በፊት ቤት ኖሮት የማያውቅ መሆን ያስፈልጋል፤ የቤተሰቡ ገቢ በወር ከ3,500 ራንድ መብለጥ የለበትም። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቤት ተሠርቷል። ይህን ያህል ነፃ ቤት የሠራ ያልተመረጠ የአፍሪካ መንግሥት ብንፈልግ አናገኝም።

ታዲያ ቅሬታው ከየት መጣ? የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከ1996 ጀምሮ ተመዝግቦ የሚጠብቅ አለ፤ ከሱ ኋላ የተመዘገበው ጎረቤቱ ቁልፍ ተቀብሏል። ዝርዝሩ የት እንዳለ፣ ተራው ስንተኛ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሰው ወደ ከተማ ሲፈልስ ሰልፉ ከግንባታው ፈጠነ። መሬቱ የሚረክሰው ከሥራ ርቆ ስለሆነ ቤቶቹ ከከተማ ዳር ተሠሩ፤ ቤት ያገኘው ሰው ለታክሲ የሚያወጣው በዛ። ካርታው ዓመታት ዘገየ፤ ካርታ የሌለው ሰው ቤቱን በወረቀት ቁራጭ ተፈራርሞ ይሸጠዋል፣ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ባለቤት ነውና ዳግም አይመዘገብም። ተቋራጩ ግድግዳውን ስስ አድርጎ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአንድ የቀበሌ ተመራጭ ዓይን ሥር ነው የሚሆነው። በ2021ዱ ጥናት የአካባቢ ምክር ቤቱን አምናለሁ ያለው 24 በመቶ ነበር፤ ፓርላማውን 27 በመቶ። እንግዲህ ጠያቂው በር ላይ ቆሞ «ቤት የሚሰጥ» ሲል፣ ሰውዬው የሰማው የሃያ አምስት ዓመት ወረፋ የሚያልቅበትን ቀን ነው።

ሥራው አጭር ነው። ጥናቱ በተደረገበት ሩብ ዓመት ሥራ አጥነቱ 34.4 በመቶ ነበር፤ ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉት ላይ ከ60 በመቶ በላይ።

ጸጥታውን ደግሞ በአንድ ንጽጽር እንለፈው። ሀገሪቱ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በሥራ ላይ ያለ የግል ጥበቃ አለ፣ ፖሊሱ ከ200,000 ያንሳል። ሀብታም ጸጥታውን በወር ክፍያ ይገዛል። ድሃው ግን፣ በአንድ ዓመት 27,000 ሰው በተገደለበት ሀገር (ከኤፕሪል 2022 እስከ ማርች 2023 ያለው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል) ፖሊስ ደውሎ ይጠብቃል። ለእሱ «ሕግና ሥርዓት የሚያስከብር» የሚለው ሐረግ አምባገነን ማለት አይደለም፤ ሲደውሉለት የሚመጣ መኪና ነው።

ጥያቄው ውስጥ የሌለ አራተኛ ነገር ብንጨምር መብራት ነበር የሚሆነው። ደቡብ አፍሪካውያን ፈረቃውን በደረጃ ይቆጥሩታል፤ ደረጃ 1 ማለት ከመስመሩ 1,000 ሜጋዋት ይነሳል፣ ደረጃ 6 ማለት 6,000። በ2023 ከ300 ቀን በላይ ፈረቃ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳለ ምድጃው ይጠፋ ነበር፣ ሥጋ ቤቱ ጄኔሬተር ከሌለው ሥጋውን ይጥል ነበር። ዓመት ሙሉ በየቀኑ መብራቱ በጠፋ ቁጥር አንድ ሰው ስለ መንግሥት ዓይነት ፍልስፍና አያወጣም፤ «የሚያዝ ሰው የለም እንዴ?» ነው የሚለው። ናፍቆቱ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።

ድምፁ የት ይሄዳል?

ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ፤ እኛ ግን ከድህነቱ እኩል ክብደት እንሰጠዋለን። ለብሔራዊ ፓርላማ የሚመረጠው ሰው ሳይሆን ፓርቲ ነው። 400 ወንበር አለ፤ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ መጠን ከራሱ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ያስገባል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ፓርቲው ነው። የፓርላማ አባሉ ፓርቲውን ከለቀቀ ወንበሩን ያጣል። ፕሬዚዳንቱንም የሚመርጡት እነዚሁ 400 ሰዎች ናቸው። በግል መወዳደር የተፈቀደው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2020 ከወሰነ በኋላ፣ በ2024ቱ ምርጫ ነው።

የዚህ ሥርዓት ደግ ጎን ትንሹም ፓርቲ ድምፁ አለመጥፋቱ ነው፤ በ1994 ጦርነት አፋፍ ላይ ለነበረ ሀገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ክፉ ጎኑ፣ ቧንቧው የደረቀበት ሰው «የኔ ተወካይ» ብሎ ቢሮው ድረስ ሄዶ የሚጮህበት የፓርላማ ሰው የለውም። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በ2008፣ ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማም በ2018 ሥልጣን የለቀቁት በመራጭ አይደለም፤ ፓርቲያቸው ኤኤንሲ «ውረዱ» ስላላቸው ነው። መራጩ መሪ ሲወርድ አይቷል፤ ያወረደው እጅ ግን የሱ አልነበረም። ይህን እያየ ያደገ ወጣት «ምርጫ ትተዋለህ?» ሲባል፣ ለመተው የሚከብደው ነገር እጁ ላይ አላገኘም።

የተናገሩትና ያደረጉት

67 በመቶው ከልቡ ክንደ ብርቱ ቢፈልግ ኖሮ የ2024ቱ ምርጫ ያሳየው ነበር። ለመግዛት የቀረበ ዕቃ አልጠፋምና። በዙማ የሚመራው ኤምኬ ፓርቲ ሕገ መንግሥቱ የበላይ መሆኑ ቀርቶ ፓርላማ የበላይ ይሁን የሚል ፕሮግራም ይዞ ቀረበ፤ በአጭሩ ፍርድ ቤት የማያግደው መንግሥት ማለት ነው። ያገኘው 14.58 በመቶ ነው፤ ከዚያውም ትልቁ ክፍል የመጣው ከዙማ የትውልድ ክፍለ ሀገር ከክዋዙሉ ናታል ነው። አዲስ ለተቋቋመ ፓርቲ ብዙ ነው፤ ከ67 ጋር ግን አይተዋወቅም።

የቀሩት የት ሄዱ? ቤታቸው። በ1999 ከተመዘገበው መራጭ 89 በመቶው ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በ2019 66 በመቶ፣ በ2024 58.6 በመቶ ሆነ። ያልተመዘገበውን ሲጨምሩበት ድምፅ የሰጠው ከአሥር አዋቂ አራቱ ገደማ ነው። ስለዚህ «ምርጫው ይቅርብኝ» የሚለው መልስ በአደባባይ ለጉልበተኛ መሪ ሰልፍ ሆኖ አልወጣም፤ በዝምታ ቀሪ ሆኖ ወጣ። ለዚህ ነው የተሳትፎውን ቁጥር ከጥናቱ ቁጥር ይልቅ የምናምነው። በሩ ላይ የሚሰጥ መልስ ነፃ ነው። ምርጫ ጣቢያ ለመሄድ ግን ሰልፍ አለው፣ የታክሲ ዋጋ አለው።

በዚያው ምርጫ ኤኤንሲ 57.5 በመቶ ከነበረው ወደ 40.18 ወረደ። ለ30 ዓመት ብቻውን አብላጫ ድምፅ ይዞ የገዛ ፓርቲ ውጤቱን ተቀብሎ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዋናው ተቀናቃኙ ጋር ጥምር መንግሥት አቋቋመ። ምርጫ ምንም አይለውጥም ለሚለው ሰው ይህ የማይመች እውነታ ነው።

ሌላም የማይመች አለ። ዙማ ፕሬዚዳንት ሳሉ በንካንድላ የግል መኖሪያቸው ላይ 246 ሚሊዮን ራንድ ገደማ የመንግሥት ገንዘብ ፈሰሰ፤ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤትና «ለእሳት ማጥፊያ ነው» የተባለ የመዋኛ ገንዳ ሳይቀር ተሠራ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 መልሱ ብለው ጻፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ዝም አሉ። በማርች 31 ቀን 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ጥሰዋል ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ የሚከፍሉት 7.8 ሚሊዮን ራንድ እንደሆነ ተሰልቶ ከፈሉ። በ2021 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ትእዛዝ አልቀበልም ስላሉ የ15 ወር እስራት ፈረደባቸው። ከእስራቱ ጋር ተያይዞ በተነሳው ረብሻና ዘረፋ ከ350 በላይ ሰው ሞተ፣ 25,000 ወታደር ወደ ጎዳና ወጣ። የጥናቱ ጠያቂዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ሀገሩ ከዚህ አንድ ወር ርቆ ነበር። ተቋም ሲሠራ ቀስ ይላል፣ ዋጋም ያስከፍላል። ሆኖም መሪውን «ክፈል» የሚለው አካል ምርጫው ሲሰረዝ አብሮ የሚሰረዝ ነው፤ ጥያቄው ይህን አይነግርህም።

ልውውጡ የተደረገበት ቦታ

ማሊ ውስጥ በኦገስት 2020 ወታደሩ መንግሥት ሲገለብጥ ባማኮ ውስጥ ደስታ ነበር። ምርጫ በፌብሩዋሪ 2022 ይደረጋል ተባለ፤ አልተደረገም። ሌላ ቀን ተቆረጠ፣ እሱም አለፈ። በሜይ 2025 የፖለቲካ ፓርቲዎች በሙሉ ፈረሱ። በጁላይ የወታደራዊው መንግሥት መሪ አሲሚ ጎይታ ያለ ምርጫ የአምስት ዓመት፣ ሊታደስ የሚችል የሥልጣን ዘመን ተሰጣቸው። «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል እኛም ከማሊ በፊት እናውቃታለን፤ ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ በዚህ ስሙ 13 ዓመት ቆይቷል።

መለዮ የግድ አይደለም። ቱኒዚያ ውስጥ ካይስ ሰዒድ በ2019 በ72.7 በመቶ ድምፅ የተመረጡ የሕግ መምህር ናቸው። ጁላይ 25 ቀን 2021 ፓርላማውን ሲያግዱ ሕዝቡ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ለአዲሱ ፓርላማ ምርጫ ሲጠራ የመጣው 11 በመቶ ገደማ ነው። የዘይት፣ የስኳርና የዳቦ ሰልፉ ግን ቱኒስ ውስጥ አልጠፋም። ዛሬ ያ ጥሩምባ የነፋ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የሚሄድበት የለውም።

ወጣቱ ዕድሜ ላይ ልዩነት አለ። ወታደር ጣልቃ ቢገባ ተገቢ ነው የሚለው በ39ኙ ሀገሮች ከ35 ዓመት በታች ባሉት ላይ ከግማሽ ያልፋል፤ ከ55 በላይ ባሉት ላይ ከግማሽ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ ከወጣቶቹ ይበልጥ ዴሞክራት ስለሆኑ አይመስለንም። ያዩትን ስላዩ ነው።

ሎኬሽን ውስጥ

ይህ ጉዳይ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሩቅ ፖለቲካ አይደለም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢው የሄዱ ብዙ ወጣቶች ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ። ሕግ የሚያስከብር መንግሥት ጠፋ ሲባል፣ «እኛው እናስከብራለን» የሚል ቡድን ይነሳል፤ የክንደ ብርቱ ናፍቆት ሰፈር ውስጥ ሲወርድ መልኩ ይህ ነው። በ2008 የውጭ ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት 62 ሰው ሞቷል፤ በ2015ና በ2019 ተደግሟል። በ2021 ከሶዌቶ የተነሳው ኦፕሬሽን ዱዱላ (ቃሉ በዙሉኛ ገፍቶ ማስወጣት ነው) ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ በ2025 የጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ይህን ማድረግ አትችሉም ብሎ አገደው። እንግዲህ መራጭ ያልሆነው፣ ድምፅ የሌለው ስደተኛ ባለሱቅ የቆመው አንድም በፍርድ ቤቱ ወረቀት፣ አንድም በጎረቤቶቹ ፈቃድ ነው። በኖቬምበር 2024 ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ ሲሉ፣ ከሕፃናት የምግብ መመረዝ ሞት በኋላ የተነሳውን ቁጣ በቢሮ ሥራ ለማብረድ ነበር፤ ቀኑ አልበቃ ብሎ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ቅጹ፣ ፎቶ ኮፒውና ሰልፉ አሰልቺ ነው። ሌሊት በር ከሚሰብር ሰው ጋር ሲተያይ ግን ሰልፉ ይመረጣል።

ቀጣዩ መለኪያ ቅርብ ነው። የደቡብ አፍሪካ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ከኖቬምበር 2026 እስከ ጃንዋሪ 2027 ባለው ጊዜ መደረግ አለበት። ከሀገሪቱ ምርጫዎች ሁሉ ሰው ፊቱን የሚያውቀውን ሰው በስሙ የሚመርጥበት እሱ ነው፤ ቤቱም፣ ቧንቧውም፣ ቆሻሻውም የሚወሰነው እዚያ ነው። በ2021 ለዚሁ ምርጫ የወጣው ከተመዘገበው 46 በመቶ ገደማ ነበር። ውጤቱ ሲነገር ማን አሸነፈ ከሚለው በፊት ይህችን ቁጥር ፈልጉ፤ ከ46 ወረደች ወይስ ወጣች?